የሚሸጠውና የሚቀረው

ደብረ ማርቆስ
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለወንጌላዊት እንዳላማው
ኩዌት

ወንጌልዬ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ አለን። «አለን» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ፤ ለጊዜው እኔና አባትሽ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ጠዋት እንነሳለን ብለሽ ያዢው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ወለተ ሥላሴ ናት፤ ያቺ አብራሽ የሄደችው የደምበጫዋ ልጅ። ፈቃዷን ጨርሳ ነገ ተመላሽ ናት። በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ኔትወርኩ ሲገኝ፣ አባትሽ ጉልበቱ ጉልበቴን እስኪነካ ተጠግቶ ነው የሚያዳምጠው። «እንዴት ነው?» ስትይኝ «ደኅና ነው» ከማለት በቀር ምን አፍ አለኝ? ዛሬ ግን አስተርእዮ ማርያም ስለሆነች በባጃጅ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። እኔ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ሱቄ ውስጥ ቀረሁ። ሁለት ጊዜ አሳልኩለት፤ አመነኝ።

ባለፈው በላክሽው ድምፅ «ጋሼ፣ ውሌ መጋቢት ላይ ያልቃል። ለሁለት ዓመት ላድስ ወይስ ልምጣ? የአባዬን ነገር እውነቱን ንገረኝ፣ በቀልድ አትሸፍንብኝ» ብለሻል። አራት ጊዜ ሰማሁት። ቀልዱን ግን ልተው አልችልም፤ እጄ የለመደው እሱን ነው። ስጽፈው እንደማልስቅ ብቻ እወቂ።

እውነቱ እንዲህ ነው። የአባትሽ የተሰበረ ዳሌ ሐኪሞቹ እንዳሉት ሆኗል፤ በከዘራ ይሄዳል፣ እርፍ ግን ዳግመኛ አይጨብጥም። በሬዎቹን ከሸጥን፣ መሬቱንም ለጎረቤታችሁ ለየሺዋስ በእኩል እንዲያርሰው ከሰጠን ወዲህ ጠዋት ከእኔ ጋር ወደ ሱቄ ይመጣል፣ በሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ አብረን እንመለሳለን። ሰው «እንደምን አደሩ ጋሽ እንዳላማው» ሲለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ያለው ይኸው ነው። አላለቀሰም፣ አልተቆጣም፣ እንዲህ በሆነልኝ ያለውም ነገር የለም። አንድ ቀን ልፈትነው ብዬ ጨው የሌለበት ሽሮ አቀረብኩለት። በላው። በማግስቱ ጨው አበዛሁበት። እሱንም በላው። እናትሽ ብትኖር ኖሮ ሁለቱንም ሳህን እኔ ላይ ትደፋው ነበር።

እኔም ከእሱ የተሻልኩ እንዳይመስልሽ። እህቴ ካረፈች ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ሬዲዮ ይመጣልኛል፣ እፈታዋለሁ፣ እጠግነዋለሁ፣ ይናገራል። ድሮ የሞተ ሬዲዮ ሲናገር እኔም እንደ ልጅ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ድምፁን ቀንሼ ለባለቤቱ እሰጠዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ኮምፒውተርሽ ልምጣ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነውና።

ኅዳር ላይ የቤታችሁን ጣሪያ ልይ ብዬ አማኑኤል ከተማ ሄጄ ነበር። ኮምፒውተርሽ አንቺ ባስቀመጥሽበት፣ ከጎተራው ጎን ሣጥን ላይ ተቀምጧል። እናትሽ ዳንቴል አልብሳዋለች። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ የገዛሁልሽ ጊዜም አሮጌ ነበር፤ አሁንማ ሽማግሌ ሆኗል። ለዕቃ ይሆነኛል ብዬ በሚኒባስ ይዤው መጣሁ። ረዳቱ «ቴሌቪዥን ነው?» ቢለኝ «ታቦት ነው፣ ተነስተህ ተሸከም» አልኩት። ተነስቶ ተሸከመ።

ሱቅ አድርሼ በካቻቢቴ ስከፍተው ውስጡ አቧራ ብቻ አልነበረም። ጤፍ አለበት። ማራገቢያው ሥር፣ ማዘርቦርዱ ላይ፣ በየስንጥቁ ጥቂት ጥቂት ጤፍ ገብቷል። እናትሽ ከጎተራው ስትቀዳ የበተነችው ነው። ለወትሮው እንዲህ ያለውን በብሩሽ ጠርጌ እጥለዋለሁ። ይኸን ግን ወረቀት ላይ አራግፌ ክብሪት ቤት ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ብሎን ከማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ አለ።

ካጸዳሁት በኋላ ላስነሳው አልኩ። ተነሣ። ሃርድ ዲስኩ ላይ ከትምህርት ወረቀቶችሽ ጎን አንድ ጌም አገኘሁ፤ የእርሻ ጌም፣ ትራክተር እየነዱ የሚያርሱበት። አንቺ ነሽ የጫንሽው? እንግዲህ ስናርስ ሳትመጪ እኛን ተደብቀሽ ታርሺ ኖሯል። ለሙከራ ከፈትኩት። ትራክተሩ አንድ እርምጃ ይሄድና ይቆማል፣ ያስባል፣ ደግሞ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ልዘጋው ስል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ይኼ ለምን ይለግማል?»

አባትሽ ነው። ከአግዳሚው ተነስቶ ከዘራውን ተደግፎ ከጀርባዬ ቆሟል። ወንጌልዬ፣ እናትሽን ከቀበርን ወዲህ ያ ሰውዬ ማንንም ምንም ጠይቆ አያውቅም። ሦስት ቃል ጠየቀኝ።

ጨዋታ ነው ብዬ ብነግረው ፊቱን እንደሚያዞር አውቃለሁ፤ ሐዘን ባለበት ቤት ጨዋታ ምን ሊሆነው? ስለዚህ ዋሸሁት። «ከግብርና ቢሮ የመጣ የትራክተር ማስተማሪያ ነው። ማሽኑ ስላረጀ ነው የሚለግመው» አልኩት።

«ታዲያ አንተ ጠጋኝ አይደለህ? ጠግነው» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

እንግዲህ ለዚያ ለሦስት ቃል ብዬ ነው ሁለት ሳምንት የለፋሁት። ዲግሪው ያለሽ አንቺ ነሽ፤ እኔ በመፍቻ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ስህተት ብታገኚብኝ ለራስሽ ሳቂ። ራሙ አራት ጊጋ ብቻ ነበር። መናኸሪያው ጀርባ ጌም ቤት የነበረውን ይታያልን ታስታውሽዋለሽ? ዘግቶታል፤ ዕቃው ጓዳ ውስጥ ተከምሯል። የእናቱን ቴሌቪዥን ጠግኜለት በምትኩ ሁለት ራምና አንድ የግራፊክስ ካርድ ወሰድኩ። ትልልቅ ካርዶችም ነበሩት፤ ግን ያንቺ ማሽን ፓወር ሰፕላይ ትንሽ ነው፣ እነሱን አይሸከምም። ስለዚህ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ የማይፈልገውን ትንሹን መረጥኩ። ጥሩ በሬ ማለት ትልቁ አይደለም፣ ሣርህ የሚበቃው ነው ብዬ ለይታያል ነገርኩት። «ጋሼ ገዳሙ፣ አንተ ሣር ነው ራም ነው የምትወስደው?» አለኝ።

ራሙን ስሰካው ማሽኑ ሦስት ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ነቅዬ ጥርሱን በላጲስ አሸሁት፤ መልሼ ሰካሁት፤ ተቀበለ። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የሙቀት ፔስት እንደ ከረመ ሊጥ ደርቆ ነበር፤ ፍቄ አዲስ ቀባሁ። ካርዱ ደግሞ ለሰፊ ሣጥን የተሠራ ሆኖ ተገኘ፤ ያንቺ ቀጭን ነው፣ ክዳኑ አልገጥም አለ። ክዳኑን በሴጌቶ መጋዝ ቆረጥኩት። በተቆረጠው በኩል አቧራ እንዳይገባ የዘይት ቆርቆሮ ጠፍጥፌ ለበጥኩበት፤ አሁን ኮምፒውተርሽ በጎኑ የሱፍ አበባ ሥዕል አለበት። በገንዘብ የገዛሁት ፈጣኑን ዲስክ፣ ኤስኤስዲውን፣ ብቻ ነው፤ በሚኒባስ ሾፌር ከአዲስ አበባ አስመጣሁት። መብራት ሲጠፋ ያረስነው እንዳይጠፋብን የመኪና ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር አያያዝኩለት። በአራቱ የመንጃ ቁልፎች ላይ ቀይ ቀለም ቀባሁና አባትሽን ጠራሁት።

ትራክተሩ ሄደ። ሳይለግም ሄደ። አባትሽ ከአግዳሚው ተነስቶ ወደ ወንበሩ መጣና አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አርሷል። ጌሙ አንድ ጊዜ አርሰሽ ዝሪ ነው የሚለው። አባትሽ «ሳይደገም ሳይሠለስ ዘር? የዚህ አገር ሰው ሰነፍ ነው» ብሎ አንዱን ማሳ ሦስት ጊዜ አረሰው፤ አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም፣ ደግሞ በቁመት። ናፍጣው በዚያ አለቀ፤ ጌሙ ሥራ መጀመሪያ ብሎ የሰጠን ገንዘብም በናፍጣ ሄደ። ውሃ የሚወጣበት ፈሰስ ማውጣት እንደማይቻል ባወቀ ጊዜ ደግሞ «ይህን ለግብርናዎች ንገራቸው፤ ክረምት ሲገባ ይተኛባቸዋል» አለኝ። እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ሚካኤል ሲሆን አላርስም አለ። ገብሱ ደርሷል፣ ቁልፉን ከመጫን በቀር ሥራ የለበትም ስለው «በሚካኤል?» አለኝ። «እሺ፣ እንግዲያው ማሽኑን እናጥፋው፤ ሲጠፋ ጊዜውም ይቆማል» አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ ሆኖ አየኝ።

«ለበዓል ብለህ ፀሐይን ታጠፋታለህ?»

አላጠፋነውም። እጁን አጣጥፎ ስክሪኑ ፊት ዋለ። የጌሙ ቀን ከእኛ ቀን ይፈጥናል፤ በዓሉ ሲያልፍ ገብሱ ደርቆ ተበላሽቶ ነበር። አባትሽ አላዘነም። «ይሁን» ብሎ ደግሞ አረሰው፤ ስንዴ ዘራበት። ለእሑድም፣ ለባለ ወልድም እንዲሁ አደረገ። አሁን እንኳ ይህን ስጽፍልሽ ለማርያም ብሎ ሳያጠፋው ነው የሄደው፤ ስክሪኑ ከፊቴ ነው።

ውሸቴ የተጋለጠው ከጥምቀት በፊት ነው። አበረ፣ ያ ባጃጁን ይዞ ውሎው እኔ ሱቅ የሆነው፣ ቻርጀር ሊያሠራ ገባና ጮኸ። «ኧረ ጋሽ እንዳላማው ጌም ይጫወታሉ! የእኔም የአክስቴ ልጅ ይኸንን ነው የሚጫወተው!»

አባትሽ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ። «ጨዋታ ነው?» አለኝ።

«ነው» አልኩት። 

«ግብርና የለበትም?»

«የለበትም።»

ወደ አግዳሚው ተመለሰ። ያን ቀን፣ በማግስቱም እዚያው ዋለ። አበቃ አልኩ። አበረን ልቆጣው ፈለግሁ፣ ቁጣው አልመጣልኝም፤ ቻርጀሩን ሠራሁለት። በሦስተኛው ቀን አባትሽ ከተቀመጠበት ሆኖ «ገዳሙ» ብሎ ጠራኝ።

«አቤት።»

«ስንዴው ምን ሆነ?»

«ደርሷል።»

ተነሣ። «ጨዋታም ቢሆን የደረሰ ስንዴ ሜዳ ላይ አይተውም» አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ኮምባይነሩን አስነሳሁለት፣ እሱ አጨደ። አንድ ዘለላ አላስቀረም። ጌሙ ሦስት መቶ ኩንታል ነው አለን። ስንዴው ሁሉ ጎተራ ገባ፤ በእነሱ አገር ጎተራ ማለት እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት የረዘመ ቆርቆሮ ነው።

ከዚያ ቆመ።

ወንጌልዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ የጻፍኩልሽ ለእሱ ነው።

ትራክተሩን ባዶ ተጎታች አስይዞ ከጎተራው በር አቆመው። ከዚያ መጫንና ወፍጮ ቤት ወስዶ መሸጥ ነው። ካልተሸጠ ገንዘብ የለም፤ ገንዘብ ከሌለ ናፍጣ የለም። እሱ ግን አይጭንም። አንድ ቀን ዋለ፣ ሁለት ቀን ዋለ። ካጠፉት መልሶ ይለግማል ብሎ ስለሚያምን ሞተሩን አያጠፋም፤ ናፍጣው ቆሞም ያልቃል።

«ለምን አትሸጥም?» አልኩት።

«ስንቱን?»

«የፈለግከውን ያህል። ሁሉንም።»

«ሁሉንም ሸጦ የሚበላ ማን ነው?»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ አይበላም።»

«አውቃለሁ» አለኝ። ስክሪኑን እያየ «እኔ አርሼ፣ አጭጄ፣ ወቅቼ ደጅ ነው የማደርሰው። የሚሸጠውንና የሚቀረውን የምትለየው የብርጓል ናት። ሠላሳ አራት ዓመት እኔ ለይቼ አላውቅም» አለ።

የእናትሽን ስም ሲጠራ ከቀብሯ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የጠራው ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው፤ ድምፁም አልተለወጠም። እኔ ግን በእጄ የያዝኩትን ብሎን የት እንዳደረስኩት እስካሁን አላገኘሁትም።

አሁን የቤቴን ኮሪደር ነገር ልንገርሽ። ዓምና በጥር የሺዋስ የአባትሽን ድርሻ አምጥቶ ኮሪደሬ ላይ ደረደረው፤ ጤፍም ስንዴም። አባትሽ አልፈታውም፣ አላስፈጨውም፣ አልሸጠውም። «ምን ይደረግ?» ስለው «ይቀመጥ» ይለኛል። እኔ ከሱቅ እየገዛሁ ነው የበላነው። ስንዴውን ነቀዝ በላው፤ ነሐሴ ላይ አውጥቼ ለዶሮ ሰጠሁት። ደነዘዘ አልኩ። እንዲያውም አንድ ቀን ንፉግ ሆነ ብዬ በልቤ አማሁት። ዘንድሮም የሺዋስ በታኅሣሥ አምጥቷል፤ አሥራ አንድ ጆንያ ነው፣ ስወጣ ስገባ በጎኔ እያሻሸሁት አልፋለሁ። ነገሩ የገባኝ ያን ዕለት ያ የቆመ ትራክተር ፊት ነው። አባትሽ ሁለት መኸር ሙሉ የሚለይለት ሰው ሲጠብቅ ኖሯል። አብሬው እየኖርኩ፣ ወንድሟ ሆኜ፣ እህቴ በዚያ ቤት ምን ትሠራ እንደነበር አላውቅም።

«እሺ፣ እኔ ልለይልህ» አልኩት።

«አንተ ወንድሟ ነህ። ጎተራ ከእናት ወደ ልጅ ነው የሚያልፈው።»

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንዲህ አለኝ፤ ቃል ሳልጨምር ነው የምጽፍልሽ። «ለወንጌላዊት ጻፍላት። የሚሸጠውንና የሚቀረውን እሷ ትለይ።»

«የየትኛውን? የማሽኑን ወይስ የኮሪደሩን?»

«የሁለቱንም።»

«እዚያው ሆና ነው ወይስ መጥታ?» አልኩት።

አይመልስልኝም ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ከብዙ በኋላ «አትቸኩይ በላት» አለኝ። «ናፍጣው ለማለቅ ገና ነው።»

እንግዲህ እውነቱን ንገረኝ ብለሽኝ የለ። አባትሽ አልዳነም። አሁንም ጨው ብረሳ አያውቅም። ግን አንድ ጥያቄ አለው፣ ጥያቄውም ለአንቺ ነው። ውሉን አድሺም ተይውም አልልሽም፤ ያንቺን ቀን የምትኖሪው አንቺ ነሽ። በስልክ «ይህን ያህል ሽጡ፣ ይህን ያህል አስቀሩ» ብትዪን እናደርገዋለን። እሱም ያደርገዋል፤ ያልሽውን ቆጥሮ ይጭናል፣ ትራክተሩም ይሄዳል። ይህንንም እንዳትሳሳቺ ብዬ ነው የምጽፍልሽ፤ አይበቃም እያልኩሽ አይደለም።

ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ከዘራውን ሰምቻለሁ፤ ልሳል።

የእናትሽ አምላክ ከሰው ፊት አያሳጣሽ። የገባሽበት ቤት ይልመድሽ፣ የወጣሽበትም አይርሳሽ። በእጅሽ የነካሽው ይበርክት፤ መንገድሽ ሁሉ፣ የመሄጃውም የመመለሻውም፣ የቀና ይሁን።

ወንጌልዬ፣ ወረቀቱን ሳላጥፍ ስክሪኑን ጠጋ ብዬ አየሁት። የናፍጣው ምልክት ቀይ ሆኗል። አባትሽ እንዳለው ገና አይደለም።

ጉንፋን የሌለበት አጎትሽ
ገዳሙ